ከዛሬምባ ቤት ጸሎት የጎደለው

ካስፐር ዛሬምባ የበረዶ ጋሪውን የሚነዳው ቆሞ ነበር። ቁጭ ብሎ መንዳት ለጭሰኛ ነው። ከወንዙ በኩል የሚመጣው ነፋስ ጢሙን በአመዳይ ያነጣዋል፣ ረጅሙን ካባውን ያርገበግበዋል። እሱ ግን አንድ እጁን ልጓሙ ላይ፣ አንድ እጁን ጎራዴው እጀታ ላይ አድርጎ፣ ንጉሡ ራሱ ጫካው ጥግ ቆሞ የሚያየው ይመስል ደረቱን ነፍቶ ወደ ደብሩ ይገሰግሳል። ካባው ብብቱ ሥር መጣፉን፣ ከሁለቱ ፈረሶች አንደኛዋ ትናንት ፍግ ስታመላልስ መዋሏን የሚያውቅ ያውቃል፤ ዛሬ ግን ማን አየ!

«ኧረ ቁጭ በል አንተ ሰው፣ ትወድቃለህ» አለችው ሚስቱ ኤፍሮዚና፣ ገለባው ውስጥ እስከ አንገቷ ተቀብራ።

«ዛሬምባ አይወድቅም።»

«ባለፈው ሳምንት ወድቀሃል።»

«የወደቀችው ፈረሷ ናት። እኔ ተከተልኳት።»

ልጃቸው ፔትሮኔላ አፏን በሻሿ ሸፍና ሳቀች። ዛሬ ሁሉም ነገር ያስቃታል፤ ሙሽራ ልትሆን ነው።

የሚሄዱት ለፈተና ነበር። በዚያ ደብር ሊጋቡ የሚፈልጉ ልጆች ስማቸው ለሦስት እሑድ በቅዳሴ መካከል ከመነበቡ በፊት ቄሱ ፊት ቀርበው ጸሎታቸውን ይደግማሉ። የማያውቅ ሄዶ ይማራል እንጂ አያገባም። ስንቱን ጎረምሳ፣ ጦር ሜዳ ያላስደነገጠውን፣ እዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ የማርያም ጸሎት፣ «ጸጋ የሞላሽ»፣ ላብ አጥምቆታል! ካስፐርን ግን ምን ያስፈራዋል? የሱ ቤት እኮ ገዳም በለው። ጎህ ሲቀድ እሱ ከፊት፣ ሚስቱ፣ ልጁና ሁለቱ አገልጋዮች ከኋላው ተንበርክከው፣ ድምፁ እስከ ሦስተኛው አጥር እየተሰማ ይመራል። በበሽታ ቀንም፣ በመከር ቀንም አስታጉሎ አያውቅም። መንደሩ ውስጥ «እንደ ካስፐር የሚጸልይ የለም» ሲባል ደስ ይለዋል፤ ካልተባለም እሱው ያስታውሳቸዋል።

«ስትደግሚ ቀና ብለሽ ነው» አላት ልጁን፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል። «እነ ዶብሮጎስት ከማን ቤት ሊወስዱ እንደመጡ ይወቁት።»

«እሺ አባባ።»

«ድምፅሽንም አውጪው።»

«እሺ አባባ።»

«ትሕትናም ይታይብሽ። በትሕትናም ቢሆን ከማንም እንዳታንሺ።»

የዛሬምባ መንደር ሰው እንዲህ ነው። ከዳር እስከ ዳር ሁሉም ዛሬምባ፣ ሁሉም ባላባት፣ ሁሉም ድሃ። አንድ አያት በጥንት ዘመን ከመስፍኑ እጅ በተቀበለው ጋሻና መሬት ላይ ተባዝተው፣ መሬቱ ሲያንስ ማዕረጉ ግን አላነሰም። ራሳቸው ያርሳሉ፤ ነገር ግን የጭሰኛ እጅ እንዳይባል ጓንት አጥልቀው፣ ጎራዴያቸውን ከእርሻው ዳር ተክለው ነው የሚያርሱት። ላም እየነዳ ያገኘኸው ሰው «ጌታ ወንድሜ» ካላልከው መንገድ አያሳልፍህም። ሁሉም በአንድ ስም ስለሚጠሩ ደግሞ ሰው ከሰው የሚለየው በቅጽል ነው፤ አፍንጫው ዛሬምባ አለ፣ ሁለቴ የተጠመቀው ዛሬምባ አለ። ቅጽሉም ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል። የካስፐር አባት ነጎድጓድ ዛሬምባ ይባል ነበር፤ እንዴት ያለ ስም! ካስፐርም ይህንኑ ስም ለመውረስ እንጂ ለሌላ አልተወለደም። የወረሰው ግን ሌላ ሆነ።

ባዶ አፎት።

በዚያ አገር ወንጌል ሲነበብ ባላባት ሁሉ ጎራዴውን ከአፎቱ እስከ ግማሽ ይመዛል፤ ለእምነቴ እሞታለሁ ማለት ነው። የካስፐር ስለት ከስዊድኖች ጋር በነበረው ጦርነት ጊዜ ተሰብሮ ነበር። አዲስ ማሠሪያ ገንዘብ ስላልነበረው እጀታውን ከቀረችው ስባሪ ጋር አፎቱ ውስጥ ሰክቶ፣ በየእሑዱ ጣት የምታህል ብቻ ብቅ አድርጎ በጥንቃቄ ይመልሳት ነበር። አንድ የፋሲካ እሑድ ታዲያ አንድ ትልቅ መስፍን በመንገድ ሲያልፉ ለማስቀደስ ገቡ። ካስፐር የፊተኛው ረድፍ ላይ ነው። ወንጌሉ ሲጀመር ልቡ አበጠ፣ ጥንቃቄውን ረሳ፣ ሽው አድርጎ መዘዘው። መስፍኑ ፊት ወደ ላይ የወጣው እጀታና አውራ ጣት የምታክል ብረት ሆነ። ቤተ ክርስቲያኑ ጸጥ አለ። ከጎኑ የቆመው የአጎቱ ልጅ ፕሮኮፕ ዛሬምባ ግን ሆዱን ይዞ ሳቀ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ፣ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። ደጃፉ ላይ ካስፐር «በስዊድን ራስ ቁር ላይ ነው የተሰበረው» ብሎ ቢያስረዳም የሰማው የለም፤ ፕሮኮፕ «ባዶ አፎት» ብሎ ነበር፣ ስሙም ሳይመሽ መንደሩን አዳረሰ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ካስፐር እንደ ወትሮው ተንበርክኮ አባታችን ሆይን ጀመረ። «የዕለት እንጀራችንን ስጠን ዛሬ» ካለ በኋላ ቆመ። ቀጥሎ የሚመጣውን ያውቀዋል፤ በደላችንን ይቅር በለን፣ እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል። ለማን ነው ይቅር የምለው? ለዚያ ሳቂታ? ውሸት ነው። ዛሬምባ ደግሞ ለሰው እንኳ አይዋሽም፣ እንኳን ለእግዚአብሔር። ስለዚህ ዘለለው። «ወደ ፈተናም አታግባን» ሲል ከኋላው ያሉት ትንፋሻቸውን ዋጥ አድርገው ተከተሉት። በነጋታውም እንደዚሁ። እያደር ማንም ልብ የሚለው ነገር መሆኑ ቀረ።

ፔትሮኔላ ያን ጊዜ የወተት ጥርሷ ያልረገፈ ልጅ ነበረች። አባታችን ሆይን የተማረችው ከአባቷ ጀርባ ተንበርክካ ነው።

ደብሩ ሲደርሱ ቄሱ አባ ኢዚዶር እንግዶቹን ከምድጃው አጠገብ ተቀበሏቸው። ሸምግለዋል፤ አንድ ጆሯቸው ብዙ አይሰማም፣ የሚሰማው ጆሯቸው ግን ብዙ ይሰማል። የሙሽራው አባት ፓን ዶብሮጎስት፣ በአገሩ አጠራር ጌታ ዶብሮጎስት፣ ቀድሞ ደርሶ ሰፊ መቀነቱን እያስተካከለ ተቀምጧል። ልጁ ቫለሪያን አጠገቡ ቆሞ ቆቡን በእጁ ያዞራል። ረጅም፣ ጆሮው የቀላ፣ ደግ ልጅ ነው። የበረዶው መቅለጥ ሲጀምር ከጦሩ ጋር ወደ ድንበር ይወርዳል፤ የጋብቻው ጥድፊያም ከዚህ የተነሣ ነው። ጾሙ እስኪያዝ የቀሩት እሑዶች ሦስት ብቻ ናቸው፣ በጾም ሠርግ የለም።

መጀመሪያ ቫለሪያን ደገመ። አሥሩ ትእዛዛት ላይ ሲደርስ ስድስተኛውን ከስምንተኛው ቀላቅሎ እንደገና እንዲጀምር ተደረገ። አባቱ ጣሪያውን ያያል። ካስፐር በጢሙ ሥር ፈገግ አለ።

«አንቺስ ልጄ?» አሉ አባ ኢዚዶር። «ከአባታችን ሆይ ጀምሪ።»

ፔትሮኔላ ቀና አለች። ድምጿ የአያቷ የነጎድጓድ ነው፤ ጥርት ያለ፣ የማይንቀጠቀጥ። ካስፐር ደስታው ካባውን ሊያፈነዳው ደረሰ። «...የዕለት እንጀራችንን ስጠን ዛሬ። ወደ ፈተናም አታግባን፣ ከክፉ ሁሉ አድነን እንጂ። አሜን።»

«ድገሚልኝ እስቲ፤ ይሄ ጆሮዬ...» አሉ ቄሱ፣ በደህናው ጆሯቸው ተጠግተው።

ደገመችው። ልክ እንደ መጀመሪያው፣ ሳትደናቀፍ።

«የቀረ የለም?»

«የለም አባ።»

ቫለሪያን ከኋላዋ ሆኖ በሹክሹክታ፣ «በደላችንን... በደላችንን ይቅር በለን...» አላት።

ፔትሮኔላ ዞር ብላ በርኅራኄ አየችው። «እሱማ ሰው የበደሉ ሰዎች የሚሉት ነው» አለች። «አንድ ቀን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ባልቴቶቹ ሲሉት ሰምቼ አባባን ጠይቄዋለሁ። እኛ ማንን በድለን ነው የምንለው?»

ፓን ዶብሮጎስት ሳሉን ይሁን ሳቁን ለመደበቅ እጁን አፉ ላይ አደረገ። ኤፍሮዚና ዓይኗን ጨፈነች። ካስፐር ያንን መልስ ለልጁ መስጠቱን ረስቶት ነበር፤ በሬ ሲጠምድ ጠይቃው፣ ለመገላገል ያህል የተናገረው ነው። አሁን ባዕድ ሰው ፊት እንዲህ ተሽሞንሙኖ ሲወጣ ማጅራቱን አላበው።

«ፓን ካስፐር» አሉ አባ ኢዚዶር በቀስታ፣ «አንተ በላት እስቲ። የጎደለውን ንገራት።»

«እኔ ለእግዚአብሔር አልዋሽም።»

«ማን ዋሽ አለህ?»

«ከፕሮኮፕ ጋር አልታረቅሁም። ይቅር አላልኩትም፣ ይቅር ብያለሁ ብዬም አልምልም። የዛሬምባ ቃል ቃል ነው።»

«ይሁን። እሱን ሐረግ ተውከው እንበል። በፊቱ ያለውስ? በደላችንን ይቅር በለን የሚለው ምን አደረገህ?»

«ውል ነዋ!» ካስፐር ደረቱን ነፋ፤ ይህን ነገር ብዙ አስቦበታል፣ ለሰው ለመናገር ግን ዛሬ ገና ዕድል አገኘ። «ሁለቱ አንድ ላይ ነው የሚሄዱት አባ። እኔ የኔን ካልሰጠሁ የእሱን አልጠይቅም። በነፃ ውሰድ ቢለኝም አልወስድ። ለማኝ አይደለሁም።»

«ወይ ኩራት!» አሉ አባ ኢዚዶር። «አንተ እኮ ሲኦልም የምትወርደው በፈረስ፣ ባንዲራ አስይዘህ ነው።» ከዚያ ድምፃቸው ጠነከረ። «ልጅቷ አላጠፋችም፤ የተማረችውን ደግማለች። የወደቀው ቤቱ ነው። እስከ ማታው ደወል እዚሁ ተቀምጫለሁ። ጸሎቱን ሙሉ አድርገህ ይዘኸው ከመጣህ ነገ ስማቸውን አነባለሁ። ካልመጣህ ከፋሲካ በኋላ ያገናኘን።»

«ከፋሲካ በኋላ ልጄ ድንበር ላይ ነው» አለ ፓን ዶብሮጎስት እየተነሣ። «ጌታ ወንድሜ፣ አትቀየመኝ። እኔ ጥሎሽ ብዙ አልጠየቅሁህም፣ ካባህንም አላየሁብህም። አባታችን ሆይን ግን ሙሉውን እፈልጋለሁ።»

ካባህንም አላየሁብህም! ካስፐር ጎራዴውን የመምዘዝ ያህል ተናደደ፤ ነገር ግን የልጁን ፊት አየ። ፔትሮኔላ አላለቀሰችም። ቫለሪያንን ታያለች፣ እሱም እሷን ያያል።

ወደ መንደር ሲመለሱ ካስፐር ቁጭ ብሎ ነበር የሚነዳው። ለመሆኑ አንዲት ሐረግ ናት! ለልጁ ሲል ቢላት ምን ይሆናል? ፈረሶቹ ብቻ እንዲሰሙት ድምፁን ዝቅ አድርጎ በጫካው መሃል ሞከራት። «በደላ...» አለና እዚያው ቀረ። እንደገና ሞከረ። ከ«በደላ» አላለፈም።

«አባባ» አለች ፔትሮኔላ ከኋላው።

«አቤት።»

«ማንን በድለናል?»

ነገረኛ አነጋገር አልነበረም። ልጅቷ ከልቧ ማወቅ ፈልጋ ነው የጠየቀችው። ካስፐር ልጓሙን ጠበቅ አደረገ። የመለሰችላት ኤፍሮዚና ነበረች፣ ባሏን ሳታይ፣ ወደ በረዶው እያየች።

«ብሪጊዳን» አለች። «የፕሮኮፕን ሚስት። ስትሞት አላለቀስኩላትም። ጓደኛዬ ነበረች፣ አንቺን ያዋለደችልኝ እሷ ናት። አባትሽ ደጁን ዘግቶ ማንም አይወጣም አለ። እኔ በመስኮት ነው የሸኘኋት።»

«ኤፍሮዚና!»

«ምነው? ውሸት ነው? ለእግዚአብሔር አልዋሽም አላልክም?»

መንደሩ ሲደርሱ ካስፐር ፈረሶቹን ወደ ራሱ ደጅ አላዞራቸውም። ከመንገዱ ማዶ በፕሮኮፕ በር ላይ ገትቶ ወረደ። ነገሩን በመንገድ ሲያውጠነጥን ቆርጧል፤ ይቅር ይለዋል። ትልቅ ሰው የሚያደርገው ይህንን ነው። እንደ ጌታ፣ በአደባባይ፣ ሳይሰስት ይቅር ይለዋል!

ፕሮኮፕ ዛሬምባ የተበጠሰ የፈረስ ማነቂያ ጉልበቱ ላይ አድርጎ በወስፌ ይሰፋ ነበር። ከሚስቱ ሞት ወዲህ አርጅቷል፤ ጢሙ ወርዷል። ካስፐር ቆቡን ሳያወልቅ መሃል ወለል ላይ ቆሞ አፉን ሞልቶ ተናገረ።

«ፕሮኮፕ ዛሬምባ! በእግዚአብሔር ፊት ይቅር ብዬሃለሁ።»

ፕሮኮፕ ወስፌውን አላቆመም። «ማን ጠየቀህ?» አለው።

«እንዴ...»

«ማን ጠየቀህ እኮ ነው የምልህ። ደጅህ መጥቼ ይቅር በለኝ አልኩህ? ህልም አይተህ ነው?»

«ስቀህብኛል! በመስፍኑ ፊት!»

«ስቄያለሁ።» ፕሮኮፕ አሁን ቀና አለ፣ ዓይኑ ውስጥ የድሮው ነገር ብልጭ አለ። «ያ ስባሪ ወደ ላይ ሲወጣ ምን ትዝ እንዳለኝ ታውቃለህ? በርሜሉ። ስዊድኖቹ ጥለውት የሄዱት የቢራ በርሜል። በጎራዴህ ክዳኑን ልፈልቅቅ ብለህ ቋ! ሲል። አብረን አይደል የጠጣነው? ከዚያ ደጃፉ ላይ ወጥተህ በራስ ቁር ላይ ተሰበረ ስትል አጠገብህ ቆሜ ነበር። ተናገርኩ? ያን ቀን ተናገርኩ? ከዚያ ወዲህስ አንድ ሰው ስለ በርሜል ሲያወራ ሰምተሃል?»

ካስፐር አልሰማም። ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን እንዳልሰማ አስቦም አያውቅም።

«ስም አወጣሁብህ፤ ልክ ነህ፣ ክፉ ምላስ አለኝ» አለ ፕሮኮፕ። «ግን ብሪጊዳ ምን አለችህ? በመንደራችን ሬሳ የሚሸከሙት የሥጋ ዘመዶች ናቸው። ከቀኝ በኩል ከፊት ያንተ ቦታ ነበር። ቦታህን ክፍት አድርገን ጠበቅንህ። ቄሱ ቆሙ፣ ሰው ሁሉ ቆመ፣ የዘጋኸውን ደጅህን እያየን ጠበቅን። ከዚያ እኔ ገባሁበት። የገዛ ሚስቴን እኔው ተሸከምኳት ካስፐር። ባል አይሸከምም። ተሸክሜ ማልቀስ እንኳ አልቻልኩም፣ እንዳልጥላት ፈርቼ።»

ካስፐር ወደ በሩ ዞረ። ከዚህ ቤት መውጣት ብቻ ነው የፈለገው። በሩ ላይ ግን ፔትሮኔላ ቆማለች፤ ሁሉንም ሰምታለች። መንገድ አልዘጋችበትም፣ ጎኗን ሰጥታ መንገዱን ለቀቀችለት። ፊቷ ላይ ያለው ቁጣ ቢሆን ኖሮ ይችለው ነበር። ያፈረችው ግን በራሷ ነው፤ ቄሱ ፊት ቀና ብላ በዚያ በጠራ ድምፅ የተናገረችው አሁን እየገባት ነው። ይህን ሸክም ያሸከማት እሱ ነው።

ካስፐር ከበሩ ተመለሰ። ከዚያ ቆቡን አወለቀ።

በዛሬምባ መንደር ማንም ለእኩያው ቆብ አያወልቅም። ፕሮኮፕ ወስፌው እጁ ላይ እንዳለ ደርቆ ቀረ። ካስፐር ደግሞ አላቆመም፤ አንድ ጉልበቱን፣ ቀጥሎ ሌላውን፣ ግመል ሲንበረከክ እንደሚሆነው በየተራ አወረዳቸው።

«በድዬሃለሁ» አለ። ድምፁ የራሱ አልመስል አለው። «እሷንም በድያታለሁ። ይቅር በለኝ ፕሮኮፕ።»

ፕሮኮፕ ማነቂያውን ከጉልበቱ ላይ አንሥቶ አስቀመጠና እሱም ትይዩው ተንበረከከ፣ ሁለት ሽማግሌዎች ፊት ለፊት። «ጀምር» አለው። «አንተ አይደለህ በመንደሩ የታወቅኸው ጸሎተኛ።»

ካስፐር ጀመረ፤ ፕሮኮፕም አብሮት ይላል። የዕለት እንጀራው ላይ ደረሱ። ካስፐር ዓይኑን ጨፍኖ፣ ገደል እንደሚዘል ሰው፣ ያንን ሐረግ ከዳር እስከ ዳር አለው። ሲጨርስ ግን የሰማው የገዛ ድምፁን ብቻ ነበር። ዓይኑን ገለጠ። ፕሮኮፕ ከንፈሩን ነክሶ ወለሉን ያያል።

«እኔም እዚህች ጋ ነው የምቆመው» አለ ፕሮኮፕ። «ከቀብሩ ቀን ጀምሮ። የዛሬምባ ደም ያንተ ብቻ መሰለህ?»

«ታዲያ... ይቅር አላልከኝም?»

«አልቻልኩም። አልፈልግም አላልኩህም፤ አልቻልኩም።» በእጁ ጀርባ አፍንጫውን ጠረገ። «ሂድ፣ የልጅህን ነገር ጨርስ። ልጅቷ ምን አደረገች።»

«ነገ ልምጣ?»

«ማን ከለከለህ።»

ደወሉ ሊደወል ሲል ካስፐርና ፔትሮኔላ በአባ ኢዚዶር ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ተንበርክከው ጸሎቱን ሙሉውን ደገሙት። ካስፐር በዚያ ሐረግ ላይ ድምፁን አላጎላም፤ ከእሱ ይልቅ የልጁ ድምፅ ይሰማ ነበር። ፓን ዶብሮጎስት «አሜን» ብሎ እጁን ዘረጋለት። በማግስቱ ስማቸው ተነበበ።

በዚያው እሑድ ገና ጎህ ሲቀድ፣ የቤቱን ጸሎት ለኤፍሮዚና ትቶ፣ ካስፐር ዛሬምባ መንገዱን ተሻገረ። መንደሩ ዓይን አለው፤ በየመስኮቱ አንገት በዛ። «ወዴት ነው ጌታ ወንድሜ፣ በዚህ ብርድ?» አለው አፍንጫው ዛሬምባ ከአጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ። ካስፐር «ፕሮኮፕ ዘንድ፣ ይቅርታ ልጠይቅ» አለ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብሎ። ገባ፣ ተንበረከከ፣ ጸለዩ፤ ያቺ ሐረግ ላይ ፕሮኮፕ ቆመ። በነጋታውም ሄደ። በየቀኑ ሄደ።

ሰው አመሉ መቼ ይለቀዋል! ሁለተኛው እሑድ ሳይደርስ ካስፐር ብርዱ የማይሰማው ሆነ። ቆቡን ገና መሃል መንገድ ላይ ያወልቃል። አረማመዱን ዝግ ያደርጋል፤ የዘገየ ሰው ካለ መስኮቱ ጋ እስኪደርስ ይጠብቀዋል። «በዚህ አገር ሁሉ እንደኔ ራሱን ያዋረደ ባላባት ይምጣ እስቲ!» ይላል በሆዱ፣ ልቡ ሙቅ እያለው። ፕሮኮፕ አንድ ቀን ካስፐር ሲንበረከክ አየውና፣

«በጣም አምሮብሃል» አለው።

«ምኑ?»

«መዋረዱ። ልክህ ተለክቶ የተሰፋ ይመስላል። ከነገ ጀምሮ በጓሮ በኩል ና፣ በአሳማዎቹ በር።»

«በአሳማዎቹ?»

«እዚያ ማንም አያይህም።»

ካስፐር ያን ቀን ተናዶ ወጣ። ሌሊቱን ሲገላበጥ አደረ። ሲነጋ ግን በጓሮ ዞረ። የአሳማዎቹ ጭቃ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ዋጠው፣ አጥሩ ዝቅ ስለሚል ጎንበስ ብሎ ነው የሚታለፈው። አንድም አንገት፣ አንድም መስኮት የለም፤ አንዲት እሪያ ብቻ ቀና ብላ አይታው ወደ ምግቧ ተመለሰች። ካስፐር እዚያ ጭቃ ውስጥ ቆሞ፣ የመጣበት ነገር ከባድ መሆኑ እንደ መጀመሪያው ቀን ተሰማው። ያን ዕለት ሲጸልይ የፕሮኮፕን ፊት አየ፤ እስከዚያ ድረስ አይቶት አያውቅም ነበር። የሸክሙ ቦታ ከቀኝ በኩል መሆኑ ትዝ አለው፣ ፕሮኮፕ ቀኝ ትከሻውን አዘውትሮ እንደሚያሻሽም አስተዋለ። ይህንን ለማንም አልተናገረም።

የሠርጉ ቀን ጠዋት ደጁ በበረዶ ጋሪ ተሞላ። ፈረሶቹ ቀይ ጥብጣብ አስረዋል፣ ቫዮሊን ተጫዋቹ ጣቱን በትንፋሹ ያሞቃል፣ እነ ዶብሮጎስት በአዲስ ካባ ተሰልፈው የሙሽሪት አባት ወጥቶ እስኪመርቅ ይጠብቃሉ። የሙሽሪት አባት የለም። ኤፍሮዚና «አሁን ይመጣል» ትላለች። ፔትሮኔላ አክሊሏን ደፍታ ደጃፉ ላይ ቆማለች፤ የት እንዳለ ታውቃለች፣ ቫለሪያን ሲጠይቃት ግን «ይምጣ፣ አትቸኩል» ብቻ አለችው።

ካስፐር በፕሮኮፕ ቤት ወለል ላይ ተንበርክኮ ነበር፣ የሠርግ ካባው ጫፍ ጭቃ ጠጥቶ።

«እንግዶችህ እየጠበቁህ ነው፣ ሂድ» አለው ፕሮኮፕ። «ቫዮሊኑ ይሰማኛል። ዛሬ እንኳ ይቅር።»

«ይጠብቁ።»

«የልጅህ ሠርግ ነው አንተ ሰው!»

«ስለዚህ ነዋ። ጀምር በል፣ ዛሬ አንተ ምራ።»

ፕሮኮፕ ትንፋሹን ስቦ ጀመረ። ድምፁ ሻካራ ነው፣ ቶሎ ቶሎ ይላል፣ መንግሥትህ ትምጣን በአንድ ትንፋሽ አለፋት። የዕለት እንጀራችንን ስጠን ዛሬ። ካስፐር እንደ ሁልጊዜው ለብቻው ሊለው ተዘጋጀ።

«በደላችንን ይቅር በለን» አለ ፕሮኮፕ።

ካስፐር አልቀደመውም። ዓይኑንም አላነሣበትም፤ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ወለሉን እያየ ጠበቀ። ከውጭ ቫዮሊኑ ሙከራውን ጀምሮ ቆመ። ፕሮኮፕ አፉን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ከፈተ። እንባው ጢሙ ላይ ወረደ።

«እኛም...» አለ።

ሌላ አልወጣውም። ካስፐር ጠበቀ፣ ጠበቀ፣ አልወጣውም። ከዚያ እጁን ዘርግቶ የፕሮኮፕን ቀኝ ትከሻ ያዘ፣ ለመነሣት ተደግፎበት ይሁን ሊደግፈው ለይቶ መናገር ያስቸግራል።

«ለዛሬ ይበቃኛል» አለው። «ነገ ከዚያ እንቀጥላለን።»